አራሷ ዘንዶ

ላሊበላ እንግዳ አይገርማትም። ፈረንጅ በፈረስ፣ ጳጳስ በበቅሎ፣ ሚኒስትር በሄሊኮፕተር መጥቶባታል፤ ሁሉንም እግር አሳጥባ፣ አብልታ ሸኝታለች። በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ የመጣችውን እንግዳ ግን እግሯን ልጠባት ያለ አልተገኘም። እግርም አልነበራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ የምዕራብ አፍሪካ ወዳጅ አገር የመጣ ልዑክ ውቅር ቤተ ክርስቲያኖቹን ሊያይ ወጣ። ከመካከላቸው አንድ ረጅም ሽማግሌ የሰሌን ዘንቢል ታቅፈው ሲዞሩ ሰነበቱና በመሸኛው ግብዣ ላይ ብድግ ብለው ዘንቢሉን ለአውራጃው ካድሬ ለጓድ ፈንታው አስረከቡት። ጓድ ፈንታው በጭብጨባው መሃል ክዳኑን ከፈተ፤ ከፈተና ቶሎ መልሶ ከደነ። ውስጡ ዘንዶ ነበረች። ዘንዶ ሲባል ቅዱስ ጊዮርጊስ የወጋውን የሚያስብ ካለ ይቅርበት፤ ይቺ ከሁለት ክንድ ብዙም አታልፍም፣ ውፍረቷ የሴት ክንድ ያህል ነው፣ ጥቁር መደብ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለባት። አስተርጓሚው ሽማግሌውን እየተከተለ፣ በአገራቸው የሰላም ምልክት እንደሆነች፣ ከሰው ጋር በቤት እንደምትኖር፣ ስትፈራ ጭንቅላቷን ገላዋ ውስጥ ደብቃ እንደ ክር ልቃቂት እንደምትጠቀለል ተናገረ። ስለ አያያዟ ሽማግሌው ሩብ ሰዓት ሙሉ አስረዱ፤ አስተርጓሚው ግን ዓይኑ ከዘንቢሉ ክዳን ላይ ስላልተነሳ «አይጥ ትበላለች» ብሎ ጨረሰው። የወዳጅ አገር ስጦታ አልፈልግም አይባልም። ጓድ ፈንታው በሰፊው ሕዝብ ስም ተቀበለና እዚያው «ወዳጅነት» ብሎ ስም አወጣላት። 

አንድ ነገር መንግሥት እጅ ከገባ ኃላፊ ይፈለግለታል። የተገኘው ኃላፊ የሻው ነበር። የሻው የአውራጃው የእንስሳት ጤና ረዳት ነው፤ ስድስት ወር ኮርስ ወስዶ በሬ መከተብና ፍየል ማከም የተማረ፣ ሠላሳ ዓመቱን ያለ ሚስት የደፈነ፣ ጸጥ ያለ ሰው። እባብ በሬ አይደለም ብሎ ሊከራከር ሞከረ። ጓድ ፈንታው እንስሳ ናት ወይስ አይደለችም ብሎ ጠየቀው፤ እንስሳ ናት። ከልጅነቱ ጀምሮ በዓለም ላይ እንደ እባብ የሚፈራው ነገር እንደሌለ ግን የጠየቀው የለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ የሻው ሁለቱም በአንድ ቀን ደረሱበት።

ከዚያ የሆነውን ሁሉ የሠራው በፍርሃት እንጂ በክፋት አልነበረም። ዘንዶዋን ፊቱ ሽቦ በሆነ የዶሮ ሳጥን ውስጥ አስገባትና መንገድ ዳር ባለው ክሊኒክ መስኮት ሥር አስቀመጣት፤ እንዳትጠፋ ሁሉም ሰው እንዲያያት ብሎ ነው። ሳጥኑን በየጠዋቱ ከብት ቤት በሚታጠብበት ክሪዮሊን አጠበው፤ ንጽሕና ነው ብሎ። መሞት አለመሞቷን ለማወቅ በዱላ ነካ ነካ አደረጋት። የላስታ ብርድ ደግሞ የሚታወቅ ነው፤ ጥር ላይ ድንጋዩም ጋቢ ቢያገኝ አይጠላም። ዘንዶዋ ቀን ቀን ተጠቅልላ ትውላለች፤ ሰው ሲርቅ ደግሞ መውጫ ፍለጋ አፍንጫዋን ከሽቦው ጋር ትፈትጋለች። በሁለተኛው ሳምንት አፍንጫዋ ደማ። የሻው ይህን ሲያይ ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም። የሚያውቀው መድኃኒት ሁለት ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ለበሬ ነው።

አይጡን የሚያቀርብለት ጎረቤቱ አዝመራው ነበር። አዝመራው አንድ በሬና ለአሥር ሰው የሚበቃ ምላስ ያለው ገበሬ ነው፤ ሚስቱ ባንችይርጋ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች። ከጎተራ ሥር ያጠመደውን አይጥ በጅራቱ አንጠልጥሎ ይመጣና «የእመቤቲቱ ምሳ» ብሎ ያስረክባል። እመቤቲቱ ግን አንድም ቀን አልቀመሰችም። አይጡ ሳጥኑ ውስጥ ሲፈነጭ ያድራል፤ አንዱማ ጅራቷን ነክሷት ተገኘ። የካቲት ተጋመሰ፣ ጾመ ሁዳዴ ገባ፣ ዘንዶዋ እንደተጠቀለለች ናት። እንግዲህ አዝመራው በቅዳሜ ገበያ ላይ ለቀልድ ያህል «የኛዋ እባብ ከዘወረደ ጀምራ እየጾመች ነው» ብሎ አወራ።

ሌላ አገር ቢሆን ሰው ስቆ ያልፈው ነበር። ላሊበላ ላይ ስለ ጾም እንዲህ ተብሎ አይቀለድም። ወሬው በማግስቱ ነአኩቶ ለአብ ደረሰ፣ በሦስተኛው ቀን ብልባላ ገባ፣ በሳምንቱ ሰው አህያውን እየነዳ የምትጾመዋን እባብ ሊያይ ይመጣ ጀመር። ክሊኒኩ በር ላይ ጧፍ በራ። አንዲት ሴትዮ ለሆድ ቁርጠት ይሆነኛል ብላ ከሳጥኑ ሥር አፈር ዘግና ሄደች። በየቤቱ ደግሞ ክርክር ሆነ፤ ቅቤ ተደብቆ ሲልስ የተያዘ ባል ሁሉ «እባብ እንኳን ጾማ አንተ?» እየተባለ ተሰደበ። በመጨረሻ መሪጌታ ገብረመስቀል መቋሚያቸውን ተመርኩዘው መጡና ሳጥኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።  መሪጌታ እባብ ከገነት ጀምሮ የሚከሰስበት ነገር እንዳለ፣ ንስሐ ገብቶ ቢሆን ግን የሚከለክለው መጽሐፍ እንዳላገኙ ተናግረው ወጡ። አልፈቀዱም፣ አልከለከሉም፤ ሰው ግን እንደፈቀዱ አድርጎ ወሰደው።

ጓድ ፈንታው ዘንድ ወሬው ሲደርስ ቤቱ እሳት ሆነ። የሻውን አስጠራው። ካድሬው ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል ነገር ካየ ሰንብቷል፤ ሽጉጡን ትራስ ሥር አድርጎ ይተኛል ሳይሆን ይጋደማል፣ ዓይኑ ቀልቶ እንደ በርበሬ ሆኗል። ከበላይ በየሳምንቱ መልእክት ይመጣበታል፤ ለሰሜኑ ዘመቻ ከአውራጃው ሃያ ሚሊሺያ በአስቸኳይ ይፈለጋል። የአሥራ ዘጠኙን ስም ጽፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዟል። የአዝመራው ስም ሰባተኛ ላይ ነበር።

«የወዳጅ አገር ስጦታ ባሕታዊ አደረጋችሁብኝ» አለው። «ስቅለት ዕለት ሕዝቡን አደባባይ እሰበስባለሁ። እባቧ በሕዝቡ ፊት አይጥ ትበላለች። ወይ እሷ ትበላለች፣ ወይ አንተ ትዘምታለህ።»

እንዲህ አለና ወረቀቱን አውጥቶ ሃያኛው መስመር ላይ የየሻውን ስም በእርሳስ ጻፈ። በእርሳስ መሆኑን ሆን ብሎ አሳየው።

የሻው ከዚያ ቤት ወጣ። ስቅለት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ክሊኒኩ ደርሶ ጧፍ የያዙትን ሰዎች አባረረና ሳጥኑ ፊት ተቀምጦ፣ በሬውን የሚለምን ገበሬ ይመስል፣ «ብይ እንጂ፣ ምናለ ብትበዪ» እያለ ይለምናት ጀመር። እትዬ ኡሙሀኒ የደረሱት ያኔ ነው።

እትዬ ኡሙሀኒ ከክሊኒኩ ጀርባ ሻይ ቤት አላቸው፤ ፓስቲ ይጠብሳሉ፣ ዳቦ ይጋግራሉ። ከዚያ ይልቅ የሚታወቁት ግን በአዋላጅነታቸው ነው። እስላም ነኝ ክርስቲያን ነኝ ሳይባል የላሊበላ ልጅ ግማሹ ወደዚህ ዓለም የመጣው በእሳቸው እጅ ነው፤ ጓድ ፈንታው የሌላ አገር ሰው ባይሆን ኖሮ እሱንም ሲወለድ ቂጡን መትተው ያስለቅሱት ነበር። የእባቧ ተሳላሚዎች ሻይ ስለሚጠጡላቸው እስከዚያ ቀን ድረስ ዝም ብለው ነበር። እንዲያውም ወደኛ ሃይማኖት ብትመጣ ኖሮ ቀን ጾማ ማታ ማታ ትበላልን ነበር እያሉ ይቀልዱ ነበር። ያን ቀን ግን ጎንበስ ብለው በሽቦው አሻግረው አፍንጫዋን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይቺ የት ጾመች? ፈርታ ነው» አሉ። «ወላሂ ፈርታ ነው። አንተስ የከብት ሐኪም ነኝ ትላለህ? በብርድ፣ በብርሃን፣ በሰው ዓይን፣ በዚህ ሽታ መሃል ማን እህል ይወርድለታል? እስቲ አንተ ገበያ መሃል ራቁትህን ተቀምጠህ ብላ።»

የሻው ምን ላድርግ አላቸው። አራስ አይተህ ታውቃለህ ወይ ሲሉ መለሱለት። ያላገባ ሰው አራስ ከየት ያያል። እሳቸው አስረዱት። አራስ ጓዳ ትገባለች፤ ብርድ አይመታትም፣ ፀሐይ አይነካትም፣ መንገደኛ በዓይኑ አይበላትም። የሚገባባት አንድ ሰው ነው፤ እሱም እግሩን አቅልሎ ይገባል። ካልራባት ብይ ተብላ አትነዘነዝም። እሷ እስክትረጋጋ የሚጠበቀው ጠባቂው ነው።

«እንደ አራስ ያዛት» አሉት። «አብሽር፣ ጀሊሉ ያውቃል።»

ሻይ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ግድግዳው ከምድጃው ጋር ጀርባና ጀርባ ስለሆነ ቀንም ሌሊትም ይሞቃል። እትዬ ኡሙሀኒ አንገቱ የተሰበረ እንስራ ከዚያ ግድግዳ አጠገብ አጋደሙ፣ ውስጡን ጭድ ጎዘጎዙት። መስኮቱን በጆንያ ጋረዱት። በጣባ ውሃ አስቀመጡ። የፈላ ማንቆርቆሪያ በሩ ሥር እያኖሩ አየሩን በእንፋሎት አራሱት። የሻው እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ እየደገመ ዘንዶዋን ከሳጥኑ አውጥቶ እንስራው አፍ ላይ አኖራት። እሷ ጠባቡን ጨለማ አየች፤ ፈጥና ገብታ ከታች ተጠቀለለች። በር ላይ ለሚጠይቁት ሁሉ እትዬ ኡሙሀኒ «አራስ አለብኝ» እያሉ መለሱ። ሰው የአገሩን ወግ ያውቃልና ጧፉን ይዞ ተመለሰ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ማንም አልነካትም። የሻው ጠዋት ጠዋት ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ውሃዋን ይለውጣል፣ ትንሽ ይቀመጣል፣ ይወጣል። መጀመሪያ የሚቀመጠው በሩ ጋ ነበር። በአራተኛው ቀን ከእንስራው አፍ ምላሷ ብልጭ ብልጭ ስትል አየ፤ ቦታውን ትንሽ ወደ ውስጥ ለወጠ። በሰባተኛው ቀን ወጥታ ከጣባው ጠጣች። ከዚያ በኋላ ዓይኖቿ ደፈረሱና ወተት መሰሉ፤ ዓይኗ ጠፋ ብሎ ደነገጠ። እትዬ ኡሙሀኒ ጠብቅ አሉት። ጠበቀ። ቆዳዋን ከጭንቅላቷ እስከ ጅራቷ እንደ ካልሲ አውልቃ ጣለች፤ አንድም ቦታ አልተቀደደም፤ የደማው አፍንጫም አብሮ ተለውጦ አዲስ ሆነ። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ በባዶ እጁ ነካት። የሚያዳልጥ፣ የሚያጥወለውል ነገር ጠብቆ ነበር፤ ደረቅና ልስልስ ነበረች፣ ግድግዳው ያሞቃት። አልተጠቀለለችም። የሻው ያን ጊዜ ሲፈራት የኖረችው ፍጡር ከሱ ይልቅ ትፈራ እንደነበር ገባውና እንባው መጣ። 

ሁሉም ደህና ነበር፣ መብላቱ ብቻ ቀረ። ስቅለት ሁለት ቀን ሲቀረው እትዬ ኡሙሀኒ ነጠላቸውን አጣፍተው ካድሬው ቢሮ ሄዱ። እዚያ ያሉትን ኋላ ለየሻው ነገሩት። አራስ አደባባይ አትወጣም ብለውታል። ጓድ ፈንታው ሊቆጣ ሲል ደግሞ ጥያቄ ጠየቁት፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ሰልፍ ተሰልፎ፣ እባቧ አፏን ዘግታ ብትቀርስ? የሚያፍረው ማነው? እባቧ ፊት የላት። ካድሬው ይህን አላሰበውም ነበር። አስቦ አስቦ፣ ነገሩን አስቀድሞ ራሱ ሊያረጋግጥ ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ አለ።

ያን ቀን አዝመራው መጠነኛ አይጥ አመጣ። የሻው ፊቱን ሊያየው አፈረ። እባቧ ብትበላ የሚፋቀው የየሻው ስም ነው፤ የአዝመራው ስም በቀለም ተጽፏል። አዝመራው ግን አይጡን በጅራቱ እያወዛወዘ፣ «ይሄ የሰባ ነው፣ የመሪጌታ ጎተራ ውስጥ ያደገ» አለው። እትዬ ኡሙሀኒ አራስ ራሷ አርዳ አትበላም ብለው አይጡን አስገደሉና ሙቀት እንዲያገኝ ምድጃው አፍ ላይ፣ ከፓስቲው መጥበሻ ትንሽ ፈንጠር አድርገው አኖሩት። ያን ቀን ፓስቲ የበላ ሁሉ ዛሬም አያውቅም፤ ባያውቅ ይሻለዋል።

ጓድ ፈንታው ከነሽጉጡና ከነቡትስ ጫማው መጣ። እትዬ ኡሙሀኒ ጫማውን በር ላይ አስወለቁት፤ መሬቱ ሲመታ ትሰማለች አሉት። ሲጋራውን አስጣሉት። ሽጉጡንም ከወገቡ አስፈትተው ዱቄት ዕቃው ላይ አኖሩት። ከዚያ ምድጃው ግድግዳ ጥግ ቁርበት አነጠፉለት፤ ጀርባውን ለሙቀቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። የሻው አይጡን በረጅም መቆንጠጫ ይዞ ከእንስራው አፍ ፊት አስቀመጠና ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጓዳው ጨለማ ነው። ማንቆርቆሪያው ይንሾካሾካል። እትዬ ኡሙሀኒ ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ አንድ ዜማ ያንጎራጉራሉ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጓድ ፈንታው አንኮራፋ።

ያ ማንኮራፋት ተራ ማንኮራፋት አልነበረም፤ የስንት ወር የተጠራቀመ ነው። የሻው ሊቀሰቅሰው ተነሳ፤ እትዬ ኡሙሀኒ ክንዱን ያዙት። የዘንዶዋ አፍንጫ ከእንስራው ወጥቷል። ምላሷ አየሩን እየቀመሰ፣ ቀስ እያለች፣ የሁለት ጣት ያህል ቀረበች። ቆመች። ከዚያ ዓይን በማይከተለው ፍጥነት አይጡን ያዘችና ተጠመጠመችበት። የሻው እጁን አፉ ላይ ጫነ። መዋጥ ስትጀምር በሱም ሆድ ውስጥ የሆነ ነገር የሚወርድ መሰለው። ምስክሩ ግን ተኝቷል። ቢቀሰቅሰው ደንግጣ ትተፋዋለች፤ ባይቀሰቅሰው በልታለች ሲል የሚያምነው የለም። ደረት ኪስ ውስጥ ያለውን ወረቀት አሰበ። እባቧን አየ። እባቧ አይጡን እስከ ወገቡ ውጣዋለች። የሻው ቁጭ አለ።

ካድሬው የነቃው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ብድግ አለና ሽጉጡን ወገቡ ላይ ፈለገ፤ አጣው። አይጡንም ፈለገ፤ አጣው። እንስራው ውስጥ የተኛችው ዘንዶ ግን መሃሏ ላይ እብጥ ብሏል።

«አልተኛሁም» አለ።

«አልተኙም» አሉ እትዬ ኡሙሀኒ። «ዓይንዎን አሳረፉ እንጂ።»

ጓድ ፈንታው ፊቱን በመዳፉ አበሰ። የሻው ተጨነቀ፤ አውጥታችሁ ጥላችሁት ነው ቢል ምን ይመልሳል? ካድሬው ግን ያንን አላለም። ሙቀቱ ገና ያልለቀቀው ሰው ይመስል ግድግዳውን በእጁ ደባበሰ። እትዬ ኡሙሀኒ ይህን አዩና አንቱታውን ጣል አደረጉት።

«ልጄ» አሉት፤ «አራስ ለመጠየቅ ባዶ እጅ አይመጣም። ምን ይዘህላት መጣህ?»

ጓድ ፈንታው ኪሱን ዳበሰ። ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። እሳቸውም የሚፈልጉት እሱን ነበር። የአራስ ጠባቂ ካልተገኘ አራስ ትሞታለች፣ ስጦታዋን ስጣት አሉት። ካድሬው ወረቀቱን ዘርግቶ ሃያ ነው የተባልኩት፣ ሃያ መሙላት አለበት አለ። ድምፁ እንደ ካድሬ አልነበረም፤ ደክሞት ነበር።

«እሷን ጻፋት» አሉ እትዬ ኡሙሀኒ።

ጓድ ፈንታው ሳቀ። ላሊበላ ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየው የለም፤ ጥርሱ ጥሩ ነበር። የየሻውን ስም በላጲስ አጠፋና «ወዳጅነት» ብሎ ጻፈ። የአባት ስም ሲል ቆመ። አባቷን ማን ያውቀዋል፣ ስም ያወጣላት አንተ አይደለህ፣ አሉት። «ወዳጅነት ፈንታው» ተብሎ ተጻፈ።

ስቅለት ዕለት ስብሰባው ቀረ። ጓድ ፈንታው እባቧ አይጥ መብላቷን በአጭሩ አስነገረ፤ ሃይማኖት ተሸነፈ ይባላል ብሎ ጠብቆ ነበር። ሕዝቡ ግን ወደ መሪጌታ ዞረ፤ መሪጌታም ስግደታቸውን ሳያቋርጡ አራስ ከጾም ነፃ ናት ብለው በየኑ። ልጆቿ የት አሉ ብሎ የጠየቀ አንድ ዲያቆን ነበር፤ ዝም በል ተባለ።

ዳግማይ ትንሣኤ አልፎ ሰኞ የጭነት መኪና መጣ። አንድ የመቶ አለቃ አደባባይ ላይ ቆሞ ስም ጠራ። እናቶች ያለቅሳሉ፣ የተጠራው «አቤት» እያለ ወደ መኪናው ይወጣል። አዝመራው ሰባተኛ ተጠርቶ ወጣ። ሚስቱ ወሯ ገብቶ ስለነበር አልመጣችም። ከአሥራ ዘጠነኛው በኋላ የመቶ አለቃው «ወዳጅነት ፈንታው!» ብሎ ተጣራ።

መልስ የለም። ጓድ ፈንታው ጫማውን ማየት ጀመረ። የመቶ አለቃው ደግሞ ጠራ። የሻው ሰው መሃል ቆሟል፤ ያ ዝምታ የሱ ቦታ እንደሆነ ያውቃል። «እኔ ነኝ» ማለት አለብኝ ብሎ አሰበ። አፉ አልታዘዘለትም። ያኔ ከመኪናው ላይ፣ ከአንድ ረጅም ሰው ጀርባ፣ አዝመራው ድምፁን አጎርንኖ «አቤት!» አለ።

አገሩ ሁሉ ሰማ፤ አገሩ ሁሉ ገባው። የሚያለቅሱት እናቶች ሳይቀሩ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ሳቁ። የመቶ አለቃው ምልክት አደረገ። ከዚያ ራስ ቆጠረ፤ የመኪናው ረዳት አብደላ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይበላ ስለነበር ሃያ ሞላለት። መኪናው ሄደ።

አብደላ በአራተኛው ቀን ተመለሰና ሻይ ቤት ተቀምጦ የሆነውን ነገራቸው። ጋሸና ላይ ለምሳ ቆመው የመቶ አለቃው እንደገና ሲቆጥር አብደላ ጎማ ሥር ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ሆኑበት። ያ ወዳጅነት የሚባለው የት ሄደ ብሎ ጮኸ። አዝመራው ብድግ ብሎ መለሰለት።

«ወርዷል ጌታዬ። ሚስቱ ደርሳለች፤ አራስ ጥሎ መሄድ አንጀቱ እንቢ አለው።»

የመቶ አለቃው ሁለት ጊዜ በጥፊ መታውና ወረቀቱ ላይ «ከድቷል» ብሎ ጻፈ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሻውም ሳቀ፤ ከዚያ የማን ሚስት እንደደረሰች ትዝ አለውና ሳቁን ተወው። እትዬ ኡሙሀኒ አልሳቁም። ጓዳ ገብተው እንስራውን ከነዘንዶዋ አወጡና ለየሻው አስታቀፉት።

«በል፣ ቤትህ ውሰዳት። አሁን ፍርሃቷ ለቋታል፣ ምድጃህ ጥግ ትበቃታለች። ጓዳው ለባንችይርጋ ይፈለጋል፤ እናትም የላት።»

የሻው እንስራውን ታቅፎ ወጣ። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በአዝመራው ደጅ ነው የሚያልፈው። ባንችይርጋ ሆዷን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ግድግዳውን ተጠግታ አሳለፈችው። እንስራውን አየችው።

«ቀስ በል፣ እንዳታስደነግጣት» አለችው።

የሻው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ቀስ ብሎ አለፈ።